ከስልክ ላይ የመረጣችሁት ቀለበት ምን እንደሚል ታውቃላችሁ?

ደሴ ፒያሳ ወርቅ ቤት የሚገቡ ጥንዶችን አስተውሉ። አብዛኞቹ ገና ከመቀመጣቸው ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳያሉ። «ይሄን ትሠሩልናላችሁ?» ይላሉ። ፎቶው ከቲክቶክ ወይም ከፒንተረስት የተገኘ ነው። በአንዱ ላይ ሁለት እጆች ዘውድ የደፋ ልብ ይዘዋል። በሌላው ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም ያላቸው ሦስት ቀለበቶች ተጠላልፈዋል። ጭራውን የነከሰ እባብ ያሳየ ሙሽራም አይጠፋም። ወርቅ ሠሪው «ይቻላል» ይላል። ግራሙን ያሰላል፣ ቀብድ ይቀበላል። ትርጉሙን የሚያነሳ የለም።

ከተነሳም መልሱ የታወቀ ነው። «ክብ ነው፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ ዘላለማዊ ፍቅር ነው።» ይሄ ውሸት አይደለም። ግን የቀለበት ቅርጾችን ታሪክ ያየ ሰው ከፍቅሩ በፊት ሌላ ነገር ያገኛል። ውል፣ የሃይማኖት ደንብ እና ንግድ። አንዱ ቅርጽ የመጣው በኋላ ክርክር እንዳይነሳ ተብሎ ነው። ሌላው የተስፋፋው አንድ ኩባንያ ድንጋዩን መሸጥ ስለፈለገ ነው። የቱ ከየት እንደመጣ መለየት ይጠቅማል። በተለይ እንደ ደሴና ኮምቦልቻ፣ በአንድ ሰፈር ቅዳሜ ኒካህ እሁድ ተክሊል በሚደገስበት ከተማ።

በፊት ነገሩ ውል ነበር

የጥንት ሮማውያን ለእጮኛቸው ቀለበት ይልኩ ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን እንኳ የሚላከው ቀለበት ፈርጥ የሌለው የብረት ቀለበት እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። ወርቅ ኋላ ላይ ነው የተለመደው። ቀለበቱ ሁለቱ ቤተሰቦች መስማማታቸውን ያሳያል። የእኛ ሽማግሌዎች «እሺ» ከተባሉ በኋላ ነገሩ እንደማይታጠፍ ሁሉ፣ እዚያም ቀለበቱ ከተላከ ጉዳዩ ተይዟል ማለት ነው።

ሁለት ቀኝ እጆች የተጨባበጡበት ቀለበትም ከሮም ነው የመጣው። በአውሮፓ «ፌዴ» እየተባለ ለብዙ መቶ ዓመታት ተሠርቷል። መጨባበጡ የፍቅር መያያዝ ይመስላል። ለሮማውያን ግን የጋብቻ ስምምነት ምልክት ነበር፤ ባልና ሚስት ቀኝ እጃቸውን ሲያያይዙ የሚታይበት ብዙ የሮም የድንጋይ ቅርጽ ዛሬም አለ።

ከሁሉም ጠንካራ የውል ጠባይ ያለው ግን የአይሁዶች ቀለበት ነው። ደንቡ ግልጽ ነው። ቀለበቱ የሙሽራው የራሱ ንብረት መሆን አለበት፤ በውሰት አይሆንም። ልሙጥ መሆን አለበት። ፈርጥ አይኖረውም። ለምን? ሙሽሪት ቀለበቱን ስትቀበል ጋብቻውን መቀበሏ ነው። የድንጋይ ዋጋ ደግሞ ለባለሙያም ያሳስታል። ውድ መስሏት ተቀብላ ርካሽ ሆኖ ቢገኝ «ፈቃዷ በስህተት የተገኘ ነው» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ልሙጥ ብረት ከሆነ ግን ዋጋው ለማንም ይታያል። በሥርዓቱ ላይ ቀለበቱ የሚገባው በቀኝ እጅ አመልካች ጣት ላይ ነው። አንዱ የሚሰጠው ምክንያት ምስክሮቹ በደንብ እንዲያዩት የሚል ነው። አያችሁ፣ ያ ዛሬ «ቀላልና ዘመናዊ» እየተባለ የሚሸጠው ልሙጥ ቀለበት በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሕግ መልስ ነው።

እነዚሁ አይሁዶች በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ቀለበት ሠርተዋል። አናቱ ላይ ትንሽ ቤት የተገነባበት ነው፤ ጣሪያ፣ መስኮት፣ አምድ ያለው። በዕብራይስጥ የመልካም ምኞት ቃል ተቀርጾበታል። ቤቱ ሁለቱ የሚመሠርቱት ትዳር ነው፤ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስም ነው ይባላል። ከእነዚህ አንዱ በጀርመን ኤርፈርት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1998 በቁፋሮ ተገኘ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የተቀበረው በ1349 አካባቢ፣ በጥቁሩ ሞት ወረርሽኝ ዘመን አይሁዶች በተጨፈጨፉበት ጊዜ ነው። ባለቤቱ ተመልሶ አልወሰደውም። በዚያ መጠን ሥራ ሊሠሩበት አይመችም፤ ለሥርዓቱ ብቻ የሚደረግ ነበር።

መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን እና ቀለበት

በእስልምና ኒካህ ያለ ቀለበት ይጸናል። የሚጠየቀው ፈቃድ፣ የሙሽሪት ወሊይ (የሚድራት ዘመዷ)፣ ምስክሮች እና መህር (ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጠው ስጦታ) ነው። ግን ቀለበት ከመህር ጋር የተነሳበት በጣም የታወቀ ሐዲስ አለ። አንድ ድሃ ሰው ሊያገባ ፈልጎ የሚሰጠው አጣ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የብረት ቀለበት እንኳ ፈልግ አሉት። እሱንም አላገኘም። በመጨረሻ በቃሉ በያዘው ቁርኣን ዳሩት። ስለዚህ እዚህ ቀለበቱ ዋጋ ያለው ስጦታ ሆኖ ነው የተነሳው። የፍቅር ምልክት ሆኖ አይደለም። በሠርግ ላይ ቀለበት መለዋወጥን አንዳንድ ዑለማዎች ከሌላ እምነት የመጣ ልማድ ነው ብለው አይወዱትም፤ ሌሎች እንደ ስጦታ ከታየ ችግር የለውም ይላሉ። ይሄን ከራሳችሁ ኡስታዝ ጋር ጨርሱት።

ወንዶች ላይ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ወርቅ ለወንድ አይፈቀድም። ብር ይፈቀዳል፤ ነቢዩም የብር ቀለበት ነበራቸው፤ ለደብዳቤ ማኅተም ይጠቀሙበት ነበር። ለዚህ ነው ኮምቦልቻ ላይ ሙስሊም ሙሽራ የብር ቀለበት አድርጎ የምታዩት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ወጣት «ነጭ ወርቅ ነው፣ ቢጫ አይደለም» ብሎ ይገዛል። ነጭ ወርቅ ወርቅ ነው! ባለ 18 ካራት ነጭ ወርቅ ውስጥ 75 በመቶው ያው ቢጫው ወርቅ ነው። ነጭ ያደረገው ፓላዲየም ወይም ኒኬል ተቀላቅሎበት፣ ብዙ ጊዜም ላዩን ሮዲየም ተቀብቶ ነው። ቅቡ በጊዜ ብዛት ሲለቅ ቢጫው ብቅ ይላል። ወርቅ ያልሆነ ነጭ ከፈለጋችሁ ብር ወይም ፕላቲነም ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተክሊል ቀለበት አለ፤ ካህኑ ጸልዮበት ይደረጋል። የሥርዓቱ ዋና ምልክት ግን ስሙ እንደሚለው አክሊሉ ነው፤ ጋብቻውንም የሚያትመው ቅዱስ ቁርባን ነው። በግሪክና በሩሲያ ኦርቶዶክሶች ዘንድ ደግሞ በእጮኝነቱ ጸሎት ላይ ቀለበቱ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ይለዋወጣል። ሁሉም ክርስቲያን ግን ቀለበት ወዶ አልኖረም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፒዩሪታኖች (ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች) ቀለበት ከአረማዊ የመጣ ነው ብለው ከሠርግ ሊያስቀሩት ሞክረው ነበር። አልተሳካላቸውም።

በሕጋችንም ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ይፈጸማል። ቀለበት ያላሰረ አላገባም የሚል የለም።

ለነገሩ የወሎ አያቶቻችንን ብትጠይቁ ቀለበቱ የሠርጉ ዋና ነገር አልነበረም። ብሩ ድሪ፣ አልቦው፣ ጉትቻው ነበር የሚቆጠረው። ያ ብር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቀለጠ ማርትሬዛ (የድሮው የብር ገንዘብ) ነው። ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ንጥረ ብሩ 83.3 በመቶ ነው። አሁን ከውጭ የሚገባው «925» የሚል ማኅተም ያለው ብር 92.5 በመቶ ነው። ስለዚህ ከአያት የወረሳችሁትን አሮጌ ብር አስቀልጣችሁ የሙሽራ ቀለበት ማሠራት ብትፈልጉ ይቻላል። ትንሽ ደረቅ ያለ ነው፤ ከውጭው ይልቅም ቶሎ ሊጠቁር ይችላል። እኔን ብትጠይቁኝ ከማንኛውም የፒንተረስት ፎቶ እሱን እመርጣለሁ።

ልብ፣ እባብ እና ሦስቱ ቀለበቶች

አሁን ወደ ፎቶዎቹ እንመለስ። ሁለት እጆች ዘውድ የደፋ ልብ የያዙበት ቀለበት «ክላዳ» ይባላል። የአየርላንድ ነው። ክላዳ ከጎልዌይ ከተማ አጠገብ የነበረ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ልቡ ፍቅር ነው፣ እጆቹ ወዳጅነት፣ ዘውዱ ታማኝነት። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። ሪቻርድ ጆይስ የተባለ የጎልዌይ ሰው በባሕር ወንበዴዎች ተማርኮ ለአልጀርስ ወርቅ ሠሪ ተሸጠ። ሙያውን እዚያው ተማረ። በ1689 ነጻ ወጥቶ አገሩ ሲመለስ ይሄን ቀለበት ሠራ። ታሪኩ ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ ባይረጋገጥም ጆይስ በእርግጥ የነበረ ወርቅ ሠሪ ነው። ለናንተ የሚጠቅመው አደራረጉ ነው። ባለትዳር በግራ እጁ፣ የልቡን ሹል ጫፍ ወደ ክንዱ አዙሮ ያደርገዋል። በቀኝ እጅ ሹሉ ወደ ጣት ጫፍ ከዞረ «ገና አልተያዝኩም» ማለት ነው። እዚህ ደሴ ማንም አያውቅም ብላችሁ ገልብጣችሁ ብታደርጉት ግድ የለም። አየርላንዳዊ ካጋጠማችሁ ግን ሊስቅባችሁ ይችላል።

እባቡ እኛ አገር ብዙ ሰው ይረብሻል። እውነት ነው፤ እባብ ሲባል ቀድማ ትዝ የምትለን ሔዋን ናት። በአውሮፓ ግን ጭራውን የነከሰ እባብ ማብቂያ የሌለው ጊዜ ምልክት ነበር። ፋሽን ያደረገችው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ልዑል አልበርት በ1839 ሲያጫት የሰጣት ቀለበት አረንጓዴ ኤመራልድ ያለበት እባብ ነበር። ትርጉሙን ለማታውቅ አማት ግን ሠርጉ ዕለት ማስረዳት ቀላል አይደለም። አስቡበት።

ሦስቱ የተጠላለፉት ቀለበቶች ብዙ ጊዜ «የሩሲያ ቀለበት» ይባላሉ። በዓለም እንዲታወቁ ያደረጋቸው ግን የፓሪሱ ጌጣጌጥ ቤት ካርቲዬ በ1924 ያወጣው ሥራ ነው። ቢጫው ታማኝነት፣ ሮዙ ፍቅር፣ ነጩ ወዳጅነት ይባላል። ከክርስቲያን ጥንዶች ሥላሴን የሚያስቡበት አሉ፤ ይሄ ራሳቸው የሚሰጡት ትርጉም ነው እንጂ ሲሠራ የተባለ አይደለም። ሮዙ ቀለም የሚመጣው መዳብ ሲበዛበት ነው። ቁሳቁሱ ምንም ምሥጢር የለውም።

ከዚህ የቆየ የተጠላለፈ ቀለበት ደግሞ አለ፤ «ጊመል» ይባላል። ሁለት ቀለበት ሲገጣጠም አንድ ይሆናል። ማርቲን ሉተር በ1525 ካትሪና ፎን ቦራን ሲያገባ እንዲህ ያለ ቀለበት አድርገዋል ተብሎ ይነገራል። በእጮኝነት ዘመን አንዱን እሱ፣ አንዱን እሷ ያደርጋሉ። በሠርጉ ቀን ተገጣጥሞ በእሷ ጣት ይገባል። ሦስት ክፍል ያለውም ነበር፤ ሦስተኛውን ምስክር ይይዘዋል። ሐሳቡ ደስ ይላል። የኛን ሚዜዎች የሚያውቅ ግን ሦስተኛውን ለማን እንደሚሰጥ አንድ ቀን ሙሉ ያስባል።

በአማርኛ በሚተላለፉት የቱርክ ድራማዎች ላይ ሁለት ቀለበት በቀይ ጥብጣብ ታስሮ አይታችሁ ይሆናል። ያ የእጮኝነት ሥርዓት ነው። ከቤተሰቡ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ጥብጣቡን በመቀስ ይቆርጣል። ቀለበቱ እስከ ሠርጉ በቀኝ እጅ ይቆያል፤ ሲጋቡ ወደ ግራ ይዛወራል። ቀለበቱ ራሱ ልሙጥ ነው። ክብደቱ ያለው ሽማግሌው ላይ ነው፤ ለወሎ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በብዙ የሕንድ ሂንዱዎች ዘንድ ደግሞ ያገባች ሴት የምትለየው በአንገቷ ላይ ባለው የጥቁር ዶቃና የወርቅ ሐብል ነው። በእግሯ ሁለተኛ ጣት ላይም የብር ቀለበት ታደርጋለች። ብር የሆነው ወርቅ ከወገብ በታች አይደረግም ስለሚባል ነው፤ ወርቅ የሀብት አምላካቸው የላክሽሚ ምልክት ነው።

ጣቱ ለምን አራተኛው ሆነ?

«ከቀለበት ጣት በቀጥታ ወደ ልብ የሚሄድ የደም ሥር አለ» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ወሬው በጣም አሮጌ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ አንድ የሮም ጸሐፊ፣ ግብጻውያን ሬሳ ሲከፍቱ ከዚያ ጣት ወደ ልብ የሚሄድ ቀጭን ሥር አገኙ ብሎ ጽፏል። እውነቱ ሌላ ነው። የሁሉም ጣቶች ደም በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚመለሰው። ከአውራ ጣት የሚለይ ምንም ነገር የለም። እጁም አንድ አይደለም። እኛ አገር አብዛኛው ሰው በግራ ነው የሚያደርገው። ሩሲያ፣ ፖላንድ፣ ኖርዌይ በቀኝ ነው። ጀርመኖች በእጮኝነት በግራ፣ ሲያገቡ በቀኝ። ከውጭ የመጣ ሰው ቀኝ እጁ ላይ ቀለበት ካያችሁ አላገባም ብላችሁ አትቸኩሉ።

አልማዝ እና ማስታወቂያ

የአልማዝ ቀለበት ያለው «ጥንታዊ» ስም ትልቅ ነው፤ የሠፊው ሕዝብ ልማድ ሆኖ ያለበት ዘመን ግን አጭር ነው። ነገሥታት ቀድመው ነበር። የኦስትሪያው ማክሲሚሊያን በ1477 ለቡርጎኝዋ ማርያም አልማዝ ሰጥቷል ይባላል። ተራው ሰው ጋ የደረሰው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1860ዎቹ መጨረሻ ብዙ አልማዝ ከተገኘ በኋላ ነው። አልማዝ ሲበዛ ዋጋው ይወድቃል። ደ ቢርስ የተባለው ኩባንያ አቅርቦቱን ተቆጣጠረ፤ ፍላጎቱን ደግሞ በማስታወቂያ ፈጠረ። «አልማዝ ለዘላለም ነው» የሚለው መፈክር የተጻፈው በ1947 ነው። የጻፈችውም ፍራንሲስ ጌሪቲ የተባለች የማስታወቂያ ባለሙያ ናት። በ1980ዎቹ ደግሞ ወንዱ የሁለት ወር ደሞዙን ማውጣት አለበት የሚል ማስታወቂያ መጣ። ዛሬ «ደንብ ነው» እየተባለ የሚነገረው ይሄ ነው። ደንብ አይደለም። የሽያጭ ዘዴ ነው።

እዚህ ወርቅ ቤት የምታዩት የሚያብለጨልጭ ፈርጥ ግን በአብዛኛው አልማዝ አይደለም፤ ሰው ሠራሽ ኩቢክ ዚርኮኒያ ነው። ነውር የለውም። ቆንጆ ነው፣ ርካሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ሲመዘን የፈርጡ ክብደት ከግራሙ ተቀንሷል ወይ? ድንጋይ በወርቅ ዋጋ አትግዙ።

የራሳችን ድንጋይ

ሰው ስለ አልማዝ ሲያወራ የሚገርመኝ ነገር አለ። ከደሴ ሰሜን ምዕራብ፣ ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም ያወቀው ኦፓል ተገኘ። ገበያው «የወሎ ኦፓል» ነው የሚለው። ገበሬው ገደል ላይ ዋሻ እየቆፈረ ነው የሚያወጣው። ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እሳት ይጫወታል። ቀለሙ ከማቅለሚያ የመጣ አይደለም። ውስጡ በጣም ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ብርሃን ሲገባ ይበታተናል።

ለኦፓል ገና የታወቀ የሠርግ ትርጉም አልተሰጠውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ እንዲያውም ገደ ቢስ ነው ይባል ነበር። ቪክቶሪያ ግን አልሰማቻቸውም፤ ለሴት ልጆቿ ኦፓል ትሰጥ ነበር። እኔ ለወሎ ሙሽራ ከአልማዝ ይልቅ ይሄ የሚቀርብ ይመስለኛል። ግን ሳታውቁ አትግዙት።

አንደኛ፣ ለስላሳ ነው። የጥንካሬ መለኪያው ላይ አልማዝ 10 ሲሆን ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። ተራ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ እንኳ 7 ስለሆነ ይቧጭረዋል። ሁለተኛ፣ የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲገባ እሳቱ ይጠፋና እንደ መስታወት ይሆናል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ችግሩ ውሃው ብቻ አይደለም። ሳሙና፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ሒና አብሮ ይገባል፤ ያ ሊያቢጨው ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ወጥ የምትሠራና ልብስ የምታጥብ ሙሽራ ኦፓሉን ጣቷ ላይ ባታውለው ይሻላል። ወይ ለጉትቻ ይሁን፣ ወይ ለበዓል ብቻ የሚደረግ ቀለበት ይሁን። በቀለበት ከሆነ ደግሞ በቀጭን ጥፍሮች ብቻ የተያዘ ሳይሆን ዙሪያውን በወርቅ የታቀፈ አሠሩ። ሦስተኛ፣ ጥቁር ኦፓል ተብሎ ሲቀርብላችሁ በጭስ የጠቆረ መሆኑን ጠይቁ። የወሎ ኦፓል ጭስ ስለሚጠጣ ብዙው ጥቁር እንዲህ ነው የሚሠራው። ሻጩ ከነገራችሁ ጥፋት የለውም። ካልነገራችሁ ግን ዋጋው ትክክል አይደለም።

ከማዘዛችሁ በፊት

የካራቱን ማኅተም በውስጥ በኩል ፈልጉ። 750 ማለት 18 ካራት፣ 875 ማለት 21 ካራት ነው። 24 ካራት ንጹሕ ነው፣ ግን ስለሚለሰልስ ለፈርጥ አይመከርም፤ ጥፍሩ ይከፈትና ድንጋዩ ይወድቃል። ስም ወይም ቀን ውስጡ ማስቀረጽ ከፈለጋችሁ ሰፋ ያለ ቀለበት ያስፈልጋል። እንግሊዞች ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግጥም ሳይቀር ያስጽፉ ነበር።

ዙሪያውን በሙሉ ፈርጥ ወይም ሐረግ ያለበት ቀለበት ስታዩ ደግሞ ቆም በሉ። ጣት ይወፍራል፣ ይቀጥናል፤ ሴት ስታረግዝ ያብጣል። ልሙጡን ወርቅ ወርቅ ሠሪው ቆርጦ ያሰፋዋል ወይም ያጠበዋል። ሐረጉ ዙሪያውን ከሆነ ግን ይበላሻል። ተንግስተን የሚባለው ጥቁር ግራጫ ብረት ጭራሽ አይሰፋም፣ አይጠብም፤ አዲስ መግዛት ነው።

ልኩን ስትለኩ አየሩንም አስቡ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ጠዋት በብርዱ ጣት ይሟሽሻል። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሞቃት ናት። ደሴ ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተለክቶ ልክክ ያለ ቀለበት፣ ኮምቦልቻ አዳራሽ ውስጥ ከሰዓት በኋላ አንጓው ላይ ሊቆም ይችላል። ሠርጉ ቆላ ከሆነ ልኩን ከሰዓት ውሰዱ። አንዴ ሳይሆን በሁለት የተለያዩ ቀናት አስለኩት።